ለአባዬ የሚስማማ ዘይት

ትናንት በሕልሜ፣ ምንም ነገር ከማየቴ በፊት ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ብረት ብረትን የሚነክስ ይመስላል። ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ዞር ስል ብርሃን ሆነና ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር ካለው ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ድምፁ የሚወጣው ከአባዬ ደረት ነበር።

ጋራዡ ያው የማውቀው ጋራዥ ነው። ግን መኪኖቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሰዎቹ ደግሞ ደረታቸው እንደ ኮፈን ተከፍቶ መኪና ከሥሩ በሚጠገንበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋድመዋል። ማንም አልደነገጠም። እኔም አልደነገጥኩም።

«የኔ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ካልተገፋ አይነሳም» አለ አንድ ሚኒባስ፣ ሻዩን እየነፋ።

«የኔው ይብሳል እንጂ!» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ገልባጭ። «ዳገት ሲያይ ጭሱ፣ ቁልቁለት ሲያይ ፉከራው!»

በመካከላቸው ዳማ ነበረች። ዳማ የኛ መኪና ናት። አባዬ ስሙን ያወጣላት በልጅነቱ ይጋልበው በነበረው ፈረስ ነው፤ ቀለሟም የዚያን ፈረስ ይመስላል። የአባዬን ጋቢ ደርባ፣ ልክ እንደሱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተቀምጣለች።

«ልሳኑ፣ ና ወዲህ» አለችኝ። «ጠዋት አባትህን ይዤ ሸዋ ሮቢት ልወርድ ነው። ስንቄን እናመጣለን።»

ስንቅነሽ ሸዋ ሮቢት የምትኖረው እህቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገፍቷል፤ እንደ ወጉ የምትወልደው እዚህ፣ እናታችን ቤት ነው። ይህ በውኑም እንዲሁ ነው። ሁሉ ነገር ተገልብጦ ይህ ብቻ ሳይገለበጥ መቅረቱ ገርሞኛል።

«የድሮውን ዘይት ማነው ያፈሰሰው?» አለች ዳማ።

«እኔ ነኝ።»

«አዲሱንስ?»

ባዶ እጄን አሳየኋት። እሷ ከአባዬ ጆሮ ግንድ ኋላ ቀጭን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘች። በጋቢው ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ ሰደደችው፣ እንደገና መዘዘችው። ወደ ፀሐዩ ብታነሳው ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ የለም።

«ደረቅ ሰው የጣርማ በርን ቁልቁለት አይወርድም» አለች። «ልቡ መንገድ ላይ ይጣበቅና ይቆማል። ልጅቷም እዚያ ቀረች ማለት ነው።»

አባዬ ከተጋደመበት ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። «አይዞህ፣ የመረጥከውን ስጠኝ» አለ። ቀጭ፣ ቀጭ አለ ደረቱ።

«ወፍራሙን!» አለ ሚኒባሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ሰው ሲያረጅ ውስጡ ይሰፋል። ወፍራም ካልሆነ ማን ይሞላዋል?»

«በዚህ ውርጭ?» አለች አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና። «ወፍራሙ ከታች ተነስቶ ልቡ ጋ እስኪደርስ ሰውየው ይደርቃል! ቀጭኑን ነው።»

«ቀጭን ዘይት ሸዋ ሮቢት ላይ ውሃ ነው፣ እቴ!»

«አንተ ስለ ጎማህ አውራ። ከጎሚስታ ሌላ ምን አይተህ ታውቃለህ?»

ሁሉም ተሳሳቁ። እኔ ግን ወደ ዘይት ቤት ገባሁ። እግሬን አላነሳሁም፤ ዘይት ቤቱ ነው ተነስቶ ወደኔ የመጣው።

ጣሪያ አልነበረውም። ዘይቶቹ እንደ ዋርካ ረዝመው፣ ልብሳቸው ብርሃን ሆኖ ቆመዋል። አንዳንዱ የጠዋት ፀሐይ ይመስላል፣ አንዳንዱ የሠርክ ፀሐይ። ባርኔጣ ባይኖረኝም ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ልመርጥ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እዚያ አገር ዘይት ነው ሰውን የሚመርጠው። ተሰልፈው መጡና በየተራ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር።

«አባትህ ጠዋት የሚነሳው የት ነው?» አለኝ አንዱ።

«ደብረ ብርሃን። ውርጭ ላይ።»

«እኩለ ቀን ላይስ የት ይሆናል?»

«ቆላ። ሸዋ ሮቢት።»

ጉምጉምታ ተሰማ። ከሰልፉ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ዘይት በከዘራው እየተመረኮዘ ወጣ።

«እኔ ሃያ ሃምሳ እባላለሁ» አለ በወፍራም ድምፅ። «የፊተኛው ስማችን የብርዱ ነው፣ የኋለኛው የሙቀቱ። የፊተኛው ባነሰ ቁጥር በብርድ ቶሎ ይነሳል፤ የኋለኛው በበዛ ቁጥር ሙቀት አያቀጥነውም። እኔ ሐሩር አልፈራም። ጠዋት ጠዋት ግን አልዋሽህም፣ ቀስ ብዬ ነው የምነሳው።»

ንግግሩን ሳይጨርስ አንድ ቀጭን ወጣት በሩጫ ደረሰ። «አምስት ሠላሳ ነኝ! ከመሬት እንደወጣሁ አልቀረሁም፤ በቤተ ሙከራ ተጣርቼ፣ ተመርጬ ነው የተሠራሁት። ቁልፍ ሲነካ እኔ ልቡ ጋ ደርሻለሁ። ግን አባትህ ያረጀና የሰፋ ከሆነ፣ በቀዳዳው ሁሉ ሾልኬ እጠፋለሁ። ወድጄ አይደለም፣ ተፈጥሮዬ ነው።»

«ታዲያ ማንኛችሁ ናችሁ የሱ?» አልኩ።

በዚያች ቅጽበት ከላይ፣ ከማይታይ ቦታ፣ አንዲት የዘይት ክር መውረድ ጀመረች። ድምፅ የላትም። በውስጧ ጣርማ በር ታየኝ፤ ከላይ ነጭ ውርጭ፣ ከታች ነጭ ሐሩር፣ በመካከሉ የሚጠማዘዘው መንገድ። ደግሞ የአባዬን ልብ አየሁት። ብረትና ብረት ዕድሜ ልካቸውን እየተፈታተጉ ይሮጣሉ፤ ግን አይነካኩም። በመካከላቸው ያቺ ክር ተዘርግታለች። ከጥላ የሳሳች ናት። ይህን ያህል ስስ ነገር ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት እንደሚሸከም አላውቅም ነበር። ባለሁበት ቁጭ አልኩ።

«እኛን ምን ትጠይቀናለህ?» አለ ሽማግሌው ዘይት ጎንበስ ብሎ። «ጎረቤትንም አትጠይቅ። የሠራው ምን ብሎ አዘዘ?»

«አባቴን የሠራው?»

«ቆቡን ገልብጠህ አይተህ ታውቃለህ?»

ጋራዡ ተመልሶ መጣ። መኪኖቹ ሻይ መጠጣት ትተው ተነስተው ቆመዋል። የአባዬ ደረት ድምፅ ጨምሯል። ዳማ ጋቢዋን አጥብቃ ይዛ በሩን በሩን ታያለች።

«አባዬ፣ ቆብህን አንዴ» አልኩት።

«ምን ልታደርገው?»

«ላየው።»

«እስካሁን የት ነበርክ?» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ የምር ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ራሱን ዝቅ አደረገልኝ።

አባዬ ቆቡን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። በሁለት እጄ አነሳሁት። ሞቃት ነበር። ገለበጥኩት፤ ከውስጥ በኩል፣ ላብና ዘመን ባጠቆረው ሱፍ ላይ፣ በክር የተጠለፈ ነገር አለ። ቁጥር ነው። መኪኖቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ላነብ ጎንበስ አልኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ነቃሁ። ድምፁ ግን አብሮኝ ከሕልሙ ወጣ። ከግቢያችን ነው የሚመጣው።

በባዶ እግሬ ተስፈንጥሬ በሩን ከፈትኩ። ሊነጋጋ ነው። የዳማ ጣሪያ በውርጭ ነጥቷል። አባዬ ጋቢውን ደርቦ መሪው ላይ ተቀምጧል። ድምፁን እንደሰማ ሞተሩን አጠፋው።

ማታ የዳማን አሮጌ ዘይት አፍስሼ፣ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ሲመክረኝ፣ ሁለት ዓይነት ገዝቼ ነበር። የቱን እንደምጨምር እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሁለቱ ጋሎኖች ትራሴ አጠገብ ናቸው፤ ሃያ ሃምሳና አምስት ሠላሳ። የሁለቱም ክዳን አልተነካም።

አባዬ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። መለኪያውን መዘዘ። በጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ ሰደደው፣ እንደገና መዘዘው። ወደ ሰማዩ አንስቶ አየው። ከዚያ በኔ ትከሻ አሻግሮ፣ በተከፈተው በር፣ ሁለቱን ጋሎኖች አየ።

«አባዬ...» አልኩ።

የሞተሩን የዘይት ክዳን ፈታ። ላዩ ጥቀርሻ ብቻ ነበር። በአውራ ጣቱ ፈተገው፣ ፈተገው፤ ከጥቀርሻው ሥር ቁጥር ወጣ። አሥር አርባ።

ክዳኑን መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ። ቆቡን ወደ ጆሮው ሳብ አደረገ። ከዚያ የግቢውን በር ከፍቶ፣ ስንቄን ሊያመጣ፣ በውርጩ ላይ በእግሩ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄደ።