ለሂክማ ያልተገኘች ሳምንት

በእኛ ጭሮ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ የማይማከር ፍጡር የለም። ድንኳን አከራዩ ይጠየቃል፤ በሬ ሻጩ ይጠየቃል፤ ከመቻራ ለሚመጡት ዘመዶች መንገዱ ጭቃ ከሆነ ቀኑ ይገፋላቸዋል። ሰማዩም ቢሆን ቀና ተብሎ ይታያል። አንድ ሰው ብቻ ይረሳል። ሙሽራዋ። «እሷማ የት ትሄዳለች?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የትም አትሄድም። የወር አበባዋ ግን የራሱ ቀጠሮ አለው።

የእህቴ የከድጃ ልጅ ሂክማ የገጠማት ይኸው ነው። ሠርጓ አንዴ ለመቻራ ጭቃ፣ አንዴ ለድንኳኑ ሲባል ተገፍቶ ተገፍቶ፣ የወር አበባዋ በሚመጣበት ሳምንት ላይ አረፈ። በዚያ ሰሞን ጫጉላ መግባት ደግሞ አይሆንም። እህቴ ታዲያ ቀኑን ላስለውጥ አላለችም፤ መድኃኒት ቤት ሄዳ የወር አበባ የሚያዘገይ ክኒን ገዛች። ሻጩ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ልስጥሽ?» ልጅቷ ሕመም አለባት ወይ፣ ራሷን ያማታል ወይ፣ ምንም! ሽንኩርት ስትገዙ እንኳ «ለወጥ ነው ለሰላጣ?» ትባላላችሁ።

ሂክማ ክኒኑን በጀመረች ማግሥት ራሷን ይዛ ታስመልስ ጀመር። «አክስቴ፣ ዓይኔ ፊት ብርሃን ይንቦገቦጋል» አለችኝ።

«አቦ ተያት!» አለች እናቷ፣ «ራሷን የማያማት ሙሽራ የት አለች?»

እኔ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር የማነብ ሴት ነኝ። ከክኒኑ ጋር ከመጣው ወረቀት ጋር ስታገል ቆይቼ፣ ግቢዬ የተከራየውን የባዮሎጂ መምህር ጌትነትን ጠራሁት። ጎጃሜ ነው። ስለ ወር አበባ ስጠይቀው ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ስለ ቤተ ሙከራ አይጥ ስጠይቀው ግን አንደበቱ ተፈታ። እንዲህ ያለ ሆርሞን ለሴት አይጥ ከመሰጠቱ በፊት ዑደቷን ይከታተሉላታል አለኝ። ከብልቷ በጥጥ ጠርገው፣ ዛሬ የት ደረሰች እያሉ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። መድኃኒቱን ሰጥተው ዑደቷ ሲቆም ይመዘግባሉ፤ አቋርጠው ደግሞ ይመለስላት እንደሆነ ይጠብቃሉ። ስትታመምም አይተው ዝም አይሉም።

«በየማለዳው ያይዋታል?»

«በየማለዳው፣ እትዬ ዘይነባ።»

«አይጥ?»

«አይጥ።»

ወላሂ ደሜ ፈላ። በመጥረጊያ የምናሳድዳት ፍጡር ለካ በክብር ትበልጠናለች! «መጨረሻዋ ግን አያምርም» አለኝ ሊያጽናናኝ። የእኛስ?

ክኒኑን ነጥቄ ሂክማን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ እንዲህ ያለ ራስ ምታት የያዛት ሴት ይህን ክኒን ያለ ሐኪም መዋጥ የለባትም ብላ አስቆመቻት። እህቴ በር ላይ ጠበቀችን። «ታዲያ ቀኑን አንቺ ታስለውጫለሽ?»

ሄድኩ፣ ወደ ሙሽራው አባት ወደ ሐጂ ሙሜ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

«ሐጂ፣ ልጅቷ አሟታል። አንድ ሳምንት ይግፉልን።»

«ያ ዘይነባ!» አሉ የጫቱ ምርቃና ሳይለቃቸው። «እንግዳ ተጠርቷል እኮ። ሴት ልጅ መታመሟ አዲስ ነው? አላህ ያሽራት። ቀን አይነካም።»

በሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። «እሺ ሐጂ። ብቻ ከበደሳ ገበያ ያዘዝነው ጫት አልደረሰም፤ በረዶ መትቶት እስከ ሳምንት ቀንበጥ የለም አሉ። ለእንግዳው የቃሚ ትራፊ፣ ገራባ ማቅረባችን ነው እንግዲህ።» ቅጥፈት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሐጂ ከመከዳቸው ብድግ አሉ። «ገራባ? ለእኔ እንግዳ? አዑዙ ቢላሂ!» ስልካቸውን አነሱ። እኔ ጫማዬን አጥልቄ ሳልጨርስ ሠርጉ አንድ ሳምንት ተገፋ።

ሂክማ ራስ ምታቱ ለቀቃት፤ የወር አበባዋም መጥቶ ሄደ፤ በሠርጓ ዕለት እየሳቀች ወጣች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይላሉ አበው። ጭሮን ስላላዩ ነው። እዚህ የሚያልቀው በጫት ነው።