መቁጠሪያው እስኪመጣ

አንባቢዬ፣ መሣሪያው ካልተሟላ ሥራ አይጀመርም የሚል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር አጠገብ ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ዶቃ የተሰካበት መቁጠሪያ ከጎንደር እስኪላክለት መደመር አላስተምርም ብሎ፣ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ንጽሕና አስተማረ። በጠጠር ብታስቆጥራቸውስ ብዬ ብጠይቀው፣ «ጠጠር ደግሞ መሣሪያ ነው?» አለኝ።

መቁጠሪያው ሲዘገይበት ግን ተማሪዎቹን ይዞ አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ከብት ወደሚያግዱበት መስክ ወረደ። እኔም ጉድ እንዳያመልጠኝ ተከተልሁ።

«ምነው አስተማሪው፣ ከብት ይቆጠራል እንዴ?» አሉ አያ ታከለ። «የተቆጠረ አይበረክትም።»

ባልደረባዬ ይህ ኋላ ቀርነት ነው ብሎ በዱላው እየጠቆመ ቆጠረና አሥራ ዘጠኝ አገኘ። ተማሪዎቹ ሃያ አንድ ናቸው አሉ። ከብቶቹ መች አንድ ቦታ ይቆማሉ? ደግሞ ሲቆጥር አሥራ ስምንት ሆኑበት።

ክርክሩ ሲጦፍ አያ ታከለ መንጋውን አንድ ጊዜ ቃኘት አደረጉና «ዳልቻዋ የለችም» ብለው ሮጡ። እውነትም ዳልቻዋ ላም የጎረቤት ገብስ ውስጥ ልትገባ አንድ እርምጃ ሲቀራት ደረሱባት።

«ለመሆኑ ስንት ናቸው?» አላቸው ባልደረባዬ፣ ላቡን እየጠረገ።

«እኔ ምን አውቄ፤ የተማርኸው አንተ።»

ማግስቱን ለጎንደር ደብዳቤ ጻፈ። እንዲህ ይላል፦ «ከመቁጠሪያው ጋር፣ ባሉበት የሚቆሙ ከብቶች ሥዕል እንዲላክልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»