ማሞቂያው ለምን ይጠቅሳል?

[ጊምሊ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ባለ ቤት ምድር ቤት ውስጥ። ቀትር ነው፤ ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት። ሎርን ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆን "አላውቅም" የሚል ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም። ዌንደል የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፣ አንዴ ከገባው ግን አይለቅም። የሎርን ልጅ ሶልቬግ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሆስፒታል በመንገድ ላይ ናት። ቤቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደ በረዶ ቤት ሆኗል። ሁለቱም ካፖርታቸውን እንደለበሱ የጋዝ ማሞቂያው ፊት ተንበርክከው፣ በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ያያሉ።]

ዌንደል፦ ...ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት...

ሎርን፦ በቃ! እስከ ስንት ልትቆጥር ነው?

ዌንደል፦ እኔ ምን ላድርግ ጋሽ ሎርን? እሷ መቼ አቆመች?

ሎርን፦ ቆይ፣ ሠላሳ ሁለት ነው ያልከው? የውጪው ብርድ ስንት ነው?

ዌንደል፦ ሠላሳ ሁለት።

ሎርን፦ አየህ! ማሽኑ ምንም አልሆነም። የውጪውን ብርድ እየነገረን ነው። የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው፣ ይናገራል።

ዌንደል፦ ብርዱን ከሚነግረን ቢያሞቀን አይሻልም ነበር?

[ሎርን ጉሮሮውን ይጠርጋል። መልስ ሲያጣ ሁሌም ጉሮሮው ይቆሽሽበታል።]

ዌንደል፦ ደሞ ሠላሳ ስድስት ገባ። ሠላሳ ሰባት። ውጪው እየባሰበት ነው ማለት ነው?

ሎርን፦ ዝም በልና ልብ ብለህ እይ! ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ከዚያ ታርፋለች። እንደገና ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ሦስት ነው አንተ!

ዌንደል፦ እኔ እኮ ስታርፍ ትንፋሽ የምትወስድ መስሎኝ ነው።

ሎርን፦ ሦስት ጊዜ ከጠቀሰ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ።

ዌንደል፦ ምን ማለት ነው?

ሎርን፦ በበሩ ጀርባ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

[ሎርን የማሞቂያውን በር መንጭቆ ያነሣል። መብራቷ ድርግም ትላለች።]

ሎርን፦ ጠፋች! አየህልኝ? ገና ስነካት ዳነች!

ዌንደል፦ ዳነች ወይስ ሞተች?

ሎርን፦ ምልክቱ ጠፋ ማለት ብልሽቱ ጠፋ ማለት ነው። አሁን በሩን መግጠም ብቻ ነው።

[ይገጥመዋል። መብራቷ ትበራለች፤ ሦስቴ ትጠቅሳለች። ያነሣዋል፣ ትጠፋለች። ይገጥመዋል፣ ትጠቅሳለች። ሎርን ላብ ላብ ይለዋል፣ በዚያ ብርድ።]

ሎርን፦ ይቺ ማሽን እያሾፈችብኝ ነው።

ዌንደል፦ ጋሽ ሎርን፣ የፍሪጅ መብራት በሩን ስትዘጋው አይደል የሚጠፋው?

ሎርን፦ አሁን ፍሪጅ ምን አመጣው?

ዌንደል፦ ይሄኛው ተገላቢጦሽ ነው። ስትከፍተው ነው የሚጠፋው።

[ሎርን አንገቱን አስግጎ ያያል። በበሩ ጠርዝ በኩል በሩ የሚጫናት አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች።]

ሎርን፦ እሷን ልነግርህ ስል ነው የቀደምከኝ። በሩ ሲነሣ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጥ ናት። በፕላስተር ጥፍር አድርገን አጣብቀን እናታልላታለን። ፕላስተር አምጣ!

ዌንደል፦ አላመጣም።

ሎርን፦ ምን አልክ?

ዌንደል፦ እጅህ ማሽኑ ውስጥ እያለ እሳቱ እንዳይነሣ ብለው ነው ያስቀመጧት። ሶልቬግ ስትመጣ ቅንድቡ የተቃጠለ አያት ልታገኝ ነው? ደሞ ወረቀቱን ለማንበብ ማሽኑ ምን ያደርግልሃል? ወረቀቱ በሩ ላይ ነው፣ በሩ እጅህ ላይ ነው።

[ሎርን እጁን ያያል። እውነት ነው፣ በሩ እጁ ላይ ነው። መነጽሩን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይፈልጋል።]

ዌንደል፦ ባለሙያውስ?

ሎርን፦ ደውያለሁ። በዚህ ብርድ የሁሉም ሰው ማሞቂያ ተበላሽቷል፣ እስከ ማታ አይደርስም። ሶልቬግ ደግሞ "አባዬ፣ ቤቱ ይሞቃል አይደል?" ስትለኝ "እኔ እያለሁ!" አልኳት። ዌንደል፣ እውነቱን ልንገርህ? ፈርቻለሁ። ሕፃኗ የዳቦ ያህል እንኳ አትከብድም አሉ።

ዌንደል፦ የምን ያህል?

ሎርን፦ የዳቦ! የዳቦ ያህል! ብርዱ አፌን አሰረው። ስማ፣ ላንብብልህ። "ሦስት ብልጭታ፦ አየር የሚያስገባው ወይም ጭስ የሚያስወጣው ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ለደህንነት ሲባል እሳት አያቀጣጥልም።"

ዌንደል፦ ጭሱ ባይወጣስ?

ሎርን፦ ቤት ውስጥ ይቀራላ። ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ ተኝተህ ትቀራለህ።

ዌንደል፦ እና ማሽኑ እንቢ ያለው እንዳይገድለን ብሎ ነው? እኔ ደሞ ከጠዋት ጀምሮ ስሰድበው ነው የዋልኩት። [የማሞቂያውን ጎን መታ መታ ያደርጋል] ይቅርታ ወንድሜ።

ሎርን፦ ይቅርታውን ተወውና አሽትት። ጋዝ ይሸትሃል?

ዌንደል፦ ላይ ቤት ያለው ኬክ ነው የሚሸተኝ።

ሎርን፦ ጋዝ ከሸተተ ምንም ሳንነካ ውልቅ ብለን ከውጪ ነው የምንደውለው። የመርዝ ጭስ ጠቋሚውስ?

ዌንደል፦ አረንጓዴ አብርቶ ዝም ብሏል።

ሎርን፦ ጥሩ። ማሽኑን ከግድግዳው ማብሪያ አጠፋሁት። አንተ ውጣና በጓሮ በኩል ሁለቱን ነጭ ቱቦዎች እያቸው።

[ዌንደል ይወጣል። ሎርን የማሞቂያውን በር አቅፎ በጭንቀት ይጠብቃል። ዌንደል ጢሙ በረዶ ጠጥቶ ይመለሳል።]

ዌንደል፦ ቱቦ የለም።

ሎርን፦ እንዴት የለም?

ዌንደል፦ የለም። ሰርቀውት መሰለኝ።

ሎርን፦ ግድግዳው ላይ አየህ?

ዌንደል፦ ግድግዳውም የለም። እስከ መስኮቱ ድረስ በረዶ ነው።

ሎርን፦ ነፋስ ቆልሎት ነዋ!

ዌንደል፦ ነፋስ አካፋ አለው እንዴ? ተጠቅጥቆ፣ በአካፋ ጀርባ ተለስኖ፣ ጫፉ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ። ሲያምር ብታይ!

ሎርን፦ ሰው ነው እንዴ ያደረገው? [በሩን አስቀምጦ ይነሣል] ማነው ይሄ ጅል? የማሞቂያ አፍንጫ ይደፈናል? እንዲህ ያለ ሰው ሕፃን ልጅ ያለበት ሰፈር ዝር ማለት የለበትም!

ዌንደል፦ እንዲህ አትበል ጋሽ ሎርን፣ ኋላ ይቆጭሃል።

ሎርን፦ ገና ምን ብዬ! ታውቀዋለህ?

ዌንደል፦ አውቀዋለሁ።

ሎርን፦ የት ነው ያለው?

ዌንደል፦ እዚሁ ምድር ቤት።

[ሎርን ዞር ብሎ ከኋላው ያያል። የልብስ ማጠቢያው ብቻ ነው ያለው። ቀስ ብሎ ወደ ዌንደል ይመለሳል። ዌንደል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።]

ሎርን፦ ...እኔ?

ዌንደል፦ ትናንት "አያቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤቱን በረዶ ያለብሰው ነበር፣ ሙቀት ይይዛል" እያልክ ስትቆልል ዋልክ አይደል?

[ሎርን ደረጃው ላይ ዘፍ ይላል።]

ሎርን፦ ለልጅቷ ብዬ እኮ ነው።

ዌንደል፦ ይገባኛል። ተነሥ አሁን።

[ይወጣሉ። ቱቦዎቹ እንዳይሰበሩ አካፋውን ትተው በእጃቸው ይቆፍራሉ፤ ሁለቱን አፎች ጥርግ አድርገው ያጸዳሉ። ተመልሰው በሩን ይገጥሙና ማብሪያውን ያበራሉ። እንደገና ከጠቀሰ አጥፍተው ባለሙያውን ሊጠብቁ ተስማምተዋል። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ይተነፍሳል፣ እሳቱ ቦግ ይላል። መብራቷ አትጠቅስም። ሞቅ ያለ አየር ሲነካው የሎርን አፍም አብሮ ይፈታል።]

ሎርን፦ አላልኩህም? ለእንዲህ ዓይነት ነገር እኔ አለሁ! አንተ ግን ትናንት አካፋ ይዘህ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ቱቦዎቹ ሲቀበሩ እያየህ ምነው ዝም አልክ?

ዌንደል፦ ኧረ ጠይቄሃለሁ። "ጋሽ ሎርን፣ እነዚህ ሁለት ቱቦዎችስ?" ስልህ ቀና ብለህ እንኳ ሳታይ "እነሱን አስቀድመህ ድፈን፣ ብርዱ የሚገባው በነሱ ነው" አልከኝ።

[ሎርን ጉሮሮውን ይጠርጋል። እንደገና ይጠርጋል። ከላይ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ከዚያም ቀጭን የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።]

ዌንደል፦ መጡ! ሂድ እንጂ፣ አያት አንተ ነህ።

ሎርን፦ አንተ ቅደም።

ዌንደል፦ ምነው?

ሎርን፦ መጀመሪያ አንተ ታቀፋት። እኔ እስቲ እንዴት እንደሚታቀፍ አይቼ ልማር።