ጋሼ ጓንጉልና ቀዩ መልእክት

በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ ክፉ ወሬ ከአፉ የማይወጣለት አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቱ ሲቃጠል «ትንሽ ሞቅ ብሏል»፣ ጎርፍ ሲወስደው «ገላዬን ልለቃለቅ ብዬ ነው» የሚል ዓይነት። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ መንደር ቢያንስ አንድ አንድ አድሎታል። ለእህል በረንዳ የደረሱት ክቡርነታቸው ጋሼ ጓንጉል፣ የአለስላሾች ሁሉ አለቃ ነበሩ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። ጋሼ ጓንጉል ከጎጃም ጤፍ የሚያመጡ መኪኖችን ለሚያሰማራ አንድ ማኅበር ሥራ መሪ ናቸው። ፋና ደግሞ ነጋዴውም የሾፌር ቤተሰብም ጭነቱ የት እንደደረሰ በስልኩ የሚያይበትን ድረ ገጽ የሠራች ልጅ ናት። መልእክቱን ሁሉ በአራት ከፍላ ለየምድቡ ባለቀለም ሳጥን ሰጥታዋለች፤ ለተከናወነ አረንጓዴ፣ ለተራ ወሬ ሰማያዊ፣ ለማስጠንቀቂያ ቢጫ፣ ለስህተትና ለብልሽት ቀይ። እንደ ድሮው የግብረ ገብ መምህር፣ ነገር ሁሉ በየቦታው እንዲሆን የምትወድ ልጅ ነበረች።

ጣጣው የተጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው።

«ፋንዬ፣ ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«የይለፍ ቃላቸውን ሲሳሳቱ ነው ጋሼ። ‹ተሳስተዋል› ይላል።»

«ትልቁን ሰው? ተሳስተዋል? ያውም በቀይ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ ደብተር?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ችግር የለም፤ አረንጓዴ አድርጊው። ‹እንኳን ደህና መጡ፤ እስቲ አንዴ ይድገሙት› በዪ።»

ተቀጣሪ ናትና አደረገችው። አንድ የጭድ ተራ ነጋዴም «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን እያዩ፣ አሁን ይከፈትልኛል ብለው እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ዝናብ ያበሰበሰው ጭነት «ጤፉን ትንሽ ወዝ ነክቶታል» ተባለ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ተበላሽቶ የቆመው መኪና «አረፍ ብሏል»። በሁለት ወር ውስጥ ገጹ እንደ መስከረም ሜዳ ለመለመ።

«ከብት ያሰማሩበት እንግዲህ» አለች ፋና፣ ተስፋዋ ተሟጦ።

«አየሽ፣ ሲያምር!» አሉ ጋሼ።

በኅዳር አንድ ማለዳ ቢሮ ገብታ ገጹን ስትከፍት በሰማያዊው ሳጥን እንዲህ ተጽፎ አገኘች፦ «ሾፌር በፍቃዱን መንገድ ላይ ትንሽ አሞታል። ቤተሰብ አይደንግጥ።»

ክው አለች። «ጋሼ! በፍቃዱ ምን ሆነ?»

«ምንም። አባይ በረሃ ላይ ጎማ ነው የፈነዳው።»

«ታዲያ አሞታል ይላሉ?»

«ጎማ ፈነዳ ብዬ ሚስቱን በጠዋት ላስደንግጣት?»

እስቲ በአገራችን «ትንሽ አሞታል፤ አትደንግጡ» የተባለ ሰው መቼ በሕይወት ተገኝቶ ያውቃል? ፋና ለበፍቃዱ ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። መልእክቱን አጥፍታ በቀይ «ጎማ ፈንድቷል» ብላ ጻፈች። ጋሼን በክንዳቸው ይዛ ወደ በፍቃዱ ቤት ከነፈች።

ዕድሩ ድንኳን ተክሎ ጨርሷል። ሚስቱ ብርሃኔ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ብርሃኔ ልጄ፣ በፍቃዱ ደህና ነው!» አሉ ጋሼ ከደጅ ጀምረው።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ።

«ጋሼ ጓንጉል ደህና ነው ካሉማ» አሉ እቴቴ፣ የዕድሩ አንጋፋ ሴት፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ቀብረውት ነው የመጡት!»

ፋና ስልኳን ዘረጋች። «ይኸው፣ በቀይ ተጽፏል፤ ጎማ ነው።»

«ጠዋት ሌላ ነበር የሚለው» አለች ብርሃኔ፣ ቀና ሳትል። «ምነው፣ ሬሳውን እንኳ ብትሰጡኝ።»

ጋሼ «ጎማ ነው» አሉ። ደገሙት። ማሉም። በማሉ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። ፋና ራሷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «ለኔ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጎማ ብቻ ነው?» አለቻቸው።

«ጎማ ነው ልጄ።»

ፊታቸውን አየች። ምንም ማወቅ አልቻለችም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሹልክ ብሎ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ብርሃኔ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምሳ ቢቀርብላቸው አልቀመሱም፤ ቢሰደቡ አልመለሱም። የመኪና ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ከወገባቸው ብድግ ይሉና መልሰው ይቀመጣሉ።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ እስከ ክርኑ የመኪና ግራሶ የተለቀለቀ ሰው ድንኳኑን ገልጦ ገባ።

«ማን ነው የሞተብን?» አለ በፍቃዱ።

ብርሃኔ ተነስታ መጀመሪያ በጥፊ አለችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለቀስተኛው እየሳቀም እያለቀሰም ደጅ ወጣ። እልልታው ቀለጠ።

ጋሼ ጓንጉል ብቻ ካሉበት አልተነሱም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ።

«አሁንማ መጣ አይደል ጋሼ፤ ምን ያስለቅስዎታል?» አለች ፋና።

«ሲደውልልኝ ‹ጎማው› ብሎ ጮኸ። ከዚያ አንድ ነገር ተንኳኳና ስልኩ ተቋረጠ። ሌላ የሰማሁት የለም ፋንዬ። ጎማ ብቻ ይሁን ብዬ… ቀኑን ሙሉ የምለው እሱን ነው።»

ፋና አጠገባቸው ቁጭ አለች። ስትናደድባቸው የዋለችውን ሁሉ ፈለገችው፤ ከሆዷ አጣችው።

«ብርሃኔ ግን ማወቅ አለባት» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ሳላውቅ ነው የማልኩላት። አንቺ ትነግሪያታለሽ?»

ፋና ደጅ የምትስቀውን ሴት አየቻት።

«እነግራታለሁ ጋሼ» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ እያቀበለቻቸው። «ግን ዛሬ አይደለም። ቀስ ብዬ።»