የኦቦ ዋጋሪ የድብድብ ትምህርት

ይህን ወሬ መጀመሪያ የነገረኝ ኑረዲን ነው፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው። በገበያ ቀን ልብስ ይዞ ዲጋ ስለሚሄድ የሆነውን በዓይኑ ያየው እሱ ነው። ኑረዲን ዋጋ ላይ ይጨምራል እንጂ ወሬ ላይ አይጨምርም። የሚጨመረውን እኔ ጨምሬበታለሁ።

ወሬው ስለ ኦቦ ዋጋሪ ነው። አንተም ሰፈር አንድ ኦቦ ዋጋሪ አለ፣ የለም እንዳትለኝ። ተደባድቦ የማያውቅ፣ ስለ ድብድብ ግን የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው። ነቀምቴም ሂድ አኖም ሂድ፣ በየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድቧል። የኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። እኩያዬ ናቸው፣ ግን ሊቅ ስለሆኑ አንቱ እላቸዋለሁ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት የገባሁት ጣራውን ቆርቆሮ ልመታ ነው። የነቀምቴን ግማሽ ከዝናብ ያዳንኩት እኔ ነኝ። በጉልምስናዬም በአንድ ቀን ሦስት ሰው ጥያለሁ፣ አንዱ እርግጥ ከጣራ ላይ ራሱ ነው የወደቀው። ይህ ሌላ ወሬ ነው።

የኦቦ ዋጋሪ ትምህርት የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ "ዓይኑን አትይ፣ ትከሻውን እይ። እጅ ከመምጣቱ በፊት ትከሻ ይናገራል።" ቀጥሎ ቁልፍ ይመጣል። ቁልፍህን በጣቶችህ መሀል አድርገህ ጨብጥ፣ ቡጢህ ጥፍር ያወጣል ይላሉ። መካኒኩ በርናባስ አምኖ በበቆሎ ጆንያ ላይ ሞከረው። ጆንያው ምንም አልሆነም። የበርናባስ ጣት ሁለት ቦታ ተሰፋ፣ ቁልፉም ስለጠመመ የገዛ በሩን በፌሮ ፈንቅሎ ገባ። ኦቦ ዋጋሪ ቁስሉን አገላብጠው አዩና "የጆንያውን ትከሻ አላየህማ" አሉት።

ሌላ ቀን ደግሞ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ አሉ። እንዴት እንደሚበተንም አሳዩ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አላዩም ነበር። ሴቶቹ የኦቦ ዋጋሪን ፊት በባልዲ ውሃ ሲያጥቡ፣ እሳቸው እንባቸው እየወረደ "አያችሁ፣ ይሠራል" አሉ። ለእኔ ያስተማሩኝ የውሻውን ነው፤ ውሻ ሲመጣብህ አትሩጥ፣ ቀጥ ብለህ ቁም፣ ይፈራሃል አሉኝ። ቆምኩ። ውሻው ትምህርቱን አልተከታተለም ነበር። ከፈለግክ ባቴን አሳይሃለሁ።

አንድ ጊዜ ኑረዲን "ኦቦ ዋጋሪ፣ ሌባ ከመጣ የያዝከውን ስጠው፣ ጩኽ፣ ሰው ወዳለበት ሩጥ። ሌላው ቀልድ ነው" አላቸው።

"ይህን ለማስተማር እኔ ለምን አስፈለግኩ?" አሉት።

እንግዲህ ወደ በዛብሽ ልምጣ። ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ ናቸው፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ጎረቤታችን ናት። ዲጋ ቅቤ ገዝታ ነቀምቴ ትሸጣለች። አባታቸው የሞተባቸው ሦስት ልጆቿ የሚማሩት በዚያ ቅቤ ነው። በክረምቱ የጓደኛዋን ቦርሳ ከነመነገጃዋ ዲጋ ገበያ መሀል ቀሟት። ከዚያ ወዲህ በዛብሽ የዲጋን መኪና ስታይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

"እተወዋለሁ፣ ቤቴ ቁጭ እላለሁ" አለችኝ።

"ምን እየበላችሁ?" አልኳት።

ኦቦ ዋጋሪ ይህን ሰሙ። "አዴ በዛብሽ፣ ሦስት ሳምንት ስጪኝ። ገበያሽን ካልተውሽ ያንን ቀዩን አውራ ዶሮ ትሰጪኛለሽ" አሏት። ተስማሙ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግቢዋ ውስጥ "ትከሻውን እዪ" ሲሉ፣ እሷ ገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ስትደበድብ በአጥር ላይ አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቅር ብሎኛል። ጡንቻ ያለኝ እኔ ነኝ፣ የሚያስተምሩት እሳቸው።

በአራተኛው ሳምንት ኦቦ ዋጋሪና በዛብሽ አብረው ዲጋ ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው በሞላበት፣ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሃያ ዓመት የማይሞላው ጎረምሳ ተጠጋት። በዛብሽ እንደተማረችው ትከሻውን አየች። ትከሻው ምንም አልተናገረም። እጁ ከታች መጥቶ የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘ። እሷ ደርቃ ቀረች።

ኦቦ ዋጋሪ ቀኝ እጃቸው ላይ ቁልፍ፣ ግራ ኪሳቸው ውስጥ ሚጥሚጣ አለ። ሠላሳ ዓመት የጠበቋት ቀን ናት። ወደ ልጁ ተጠጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ "አካም ጂርታ?" አሉት።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ሽማግሌ ደህና ነህ ወይ ካለህ ሳትመልስ አታልፍም፣ እጅህ የሰው ቦርሳ ላይ ቢሆንም።

"ደህና" አለ ልጁ፣ ማንገቻውን እንደያዘ።

"ቤቱ ናጋ?" ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

"ናጋ።"

"ከብቱስ?"

"ናጋ።"

"በናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው?"

"ዘንድሮ ጥሩ ነው።"

ሰላምታው ሲረዝም ቅቤ ሻጮቹ የማን ዘመድ መጣ ብለው ዞሩ። ከዚያ ጨው ሻጮቹ ዞሩ። ኑረዲንም ያነሳውን ሱሪ አስቀመጠ።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉት ኦቦ ዋጋሪ።

ልጁ ያን ሁሉ ሰው አየ። ያንን ጥያቄ ግን አልመለሰም። ማንገቻውን ለቀቀ፣ "ናጋን ኦላ" አለ፣ ደህና ዋሉ ማለቱ ነው፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

ኦቦ ዋጋሪ ያኔ ቅቤ ሻጮቹ መሀል ቁጭ አሉ። "ልመታው ነበር፣ አፌ ቀደመኝ" አሉት ኑረዲንን። "ለማንም እንዳትናገር።" ኑረዲን ለእኔ ብቻ ነው የተናገረው።

እኔ ብሆን እመታው ነበር። እሱም ይመታኝ ነበር፣ ምናልባት በቢላ፣ በዛብሽም ሁለተኛ ዲጋን አታያትም ነበር። አሁን በየገበያው ቀን ትሄዳለች፣ የሚጠጋትን ጎረምሳ ሁሉ ስለ ከብቱ ትጠይቃለች። ይህን ለኦቦ ዋጋሪ ፊት ለፊት አልነግራቸውም፣ ይኮሩብኛል።

ከዲጋ በተመለሱ ማግስት በዛብሽ ዶሮውን እግሩን አስራ አመጣችላቸው። እኔ አጥራቸው ጋ ነበርኩ። የዶሮውን ትከሻ ትክ ብለው አዩና "ካስተማርኩሽ አንዱም አልሠራም። አልቀበልም" አሉ።

"እሺ፣ ለሰላምታው ይሁን" አለች።

"ለሰላምታማ ከተቀበልኩ" አሉና በአጥሩ በኩል ወደ እኔ በአገጫቸው ጠቆሙ፣ "ይህን ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ሰላም ብዬዋለሁ፣ የሠላሳ ዓመት ዶሮ አለበት ማለት ነዋ።"

ዶሮውን ይዛ ተመለሰች።