ቀማሽ ያጣው መኮሮኒ

«እንግዲያው ልጅቱ ትቅመሰዋ» አለች አክስቴ ዘሃራ፣ በማማሰያው ወደ እኔ እየጠቆመች።

«ልጅቱማ ከእኔ ጋር ነው የምትጾመው» አለች እናቴ። «እስከ ፋሲካ ድረስ ወተት የነካው ነገር በአፏ አይገባም።»

«ከአንቱ ጋር? ታዲያ ሌሊት ለሱሁር የምትነሳው ከማን ጋር ነው?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ድስቱም ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

እነሱ እንደቆሙ ይቆዩ። ሲጣሉ መቆም አይደክማቸውም። እኔ ግን ክርክር ውስጥ መልስ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያች ደቂቃ ያልመጣልኝን ነገር አሁን ከሥሩ ጀምሬ ልጻፍላችሁ። ስጽፍ ቢያንስ ማንም አያቋርጠኝም።

ምግብ ለመሥራት እሳትና ዕቃ ይበቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። የኛን ቤት ስለማያውቁ ነው። አደይ (እናቴን በትግርኛ አደይ ነው የምላት) የመቀሌ ልጅ ናት፤ ቄሱ የረሱትን ጾም ሳይቀር ትጾማለች። አባዬ የወሎ ሰው ነው፤ እዚሁ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ባልዲ፣ ጆግና ጀሪካን እየሸጠ አንድ ሶላት አያልፈውም። ውሃ በጠፋ ቁጥር የሚጠቀመው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ማታ ቤት ሲገባ እንደኛው ይጠማዋል። ሁለቱ ሲጋቡ የሁለቱም ዘመዶች ተቆጥተው ነበር ይባላል። ከዚያ ዘመዶቹ ደከማቸው፣ እነሱ ግን አብረው ቀሩ። ነገሩን የፈቱት በክርክር አይደለም፣ በድስት ነው። በቤታችን የሥጋ ድስት ሁለት ነው፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የሷ። በየራሳቸው ሃይማኖት የታረደውን በየራሳቸው ድስት ይሠራሉ፤ ከዚያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ጎረቤት ያማሉ።

እኔ ከሁለቱም ድስት እየበላሁ አደግኩ። ስም ሲያወጡልኝ እንኳ ሁለቱም ወገን የማይቀየምበትን ፈልገው ሰላም አሉኝ። «ማንን ነው የምትመስዪው?» የሚሉኝ ሰዎች መልኬን የሚጠይቁ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን የሚጠይቁት መልኬን እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ላለው ጥያቄ አንድ መልስ አለችኝ፤ «እሺ» እላለሁ። ጥያቄው «እሺ» የሚያስብል ባይሆንም እላለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ የዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኙ። አደይ «ጓለይ፣ ከእኔ ጋር ትጾሚያለሽ አይደል?» አለችኝ። እሺ አልኩ። አክስቴ ዘሃራ ደግሞ በመጀመሪያው ሌሊት በሬን አንኳኩታ «ተነሽ ልጄ፣ ሱሁር ደረሰ» አለች። እሺ አልኩ። እንዲህ ሆኖ ቀን ቀን ምንም ሳልበላ፣ ማታ ማታ ደግሞ ወተትና ቅቤ ያልነካውን ብቻ እየፈለግኩ ከረምኩ። የኔ ጾም ከሁለቱም የጠበቀ፣ ከሁለቱም የተደበቀ ነበር። ደግነቱ ተምር አለ። ተምር በአደይም በኩል፣ በአክስቴም በኩል ነቀፋ የለበትም። በተምር ቆምኩ።

አክስቴን በደንብ ላስተዋውቃችሁ። የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ቀድመው ስላረፉ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። ከሠርጉ ወዲህ ቤታችንን ረግጣው አታውቅም። ከአደይ ጋር ለቅሶ ላይ ሲገናኙ አንቱ ይባባላሉ፤ ከአክብሮት አይደለም፣ እንዳይቀራረቡ ነው። ዘንድሮ አባዬ ለምኗት በረመዳን ዋዜማ ለጥቂት ሳምንት ከኮምቦልቻ መጣች። መጣች ስላችሁ ግን ብቻዋን አይደለም፤ የራሷን ድስት፣ የራሷን ሳህንና አንዲት ትንሽ ቡታጋዝ ይዛ ነው። «ጨጓራዬን ያመኛል፣ የሰው ምግብ አይስማማኝም» አለች። ማታ ማታ ክፍሏ ውስጥ የራሷን ሾርባ ሠርታ ታፈጥራለች። አደይም ስለዚህ አልተናገረችም። ሳህን ስታጥብ ግን ሳህኖቹ ይናገሩ ነበር።

አክስቴ ቅዳሜ ልትሄድ ሐሙስ ላይ አደይ ሽንኩርት እየከተፈች «አንድ ቀን ብቻ ከእጄ ብትበላልኝ» አለች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ነገሩን በሽንኩርቱ አሳበበች።

እንግዳ በኛ አገር የሚከበረው በሥጋ ነው። ሥጋ ደግሞ ማን አረደው፣ በማን ስም ታረደ የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ዓሣስ እንዳትሉኝ፤ መቀሌ ባሕር የላትም። ሽሮ ለእንደዚህ ዓይነት እንግዳ ማቅረብ ደግሞ ሌላ የሃያ ዓመት ኩርፊያ መጀመር ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ ስልኬ ላይ በቪዲዮ ያየሁትን የመኮሮኒ አሠራር ያመጣሁት፤ በወተትና በዱቄት ነጭ ስጎ ተሠርቶ፣ ፎርማጆ (የፈረንጁ አይብ) ተፈርፍሮበት፣ እሳት ላይ ወርቅ እስኪመስል የሚበስለውን። ሥጋ የለው፣ ጠብ የለው። አይብ አይታረድም።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሐሳብ ላይ እሳትና ጨው የለም።

መጀመሪያ በገበያው አይብ ሞከርን። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ አይብ ሲቀልጥ እንደ ማስቲካ ይሳባል፤ የኛ እሳት በነካው ቁጥር እየደረቀ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ስለዚህ አባዬ ፎርማጆ ፍለጋ ወጣ። ከተማውን ዞሮ ዞሮ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ቁራጭ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ቢኖርም መጋገሪያ ምድጃ የለንም፤ ድፎ ዳቦ እንደሚጋገረው ከሥርም ከላይም ፍም አድርገን በብረት ድስት ልንሠራው ተስማማን። እስከዚህ ድረስ እኔና አደይ ብቻ ነበርን። ፎርማጆው ነጩ ስጎ ውስጥ ሲቀልጥ ግን ሽታው ግቢውን ሞላና አክስቴን ከክፍሏ አወጣት። መጣች፤ በር ላይ ቆመች፤ ለማን እንደሚሠራ ገባት። ቀስ ብላ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደች። ልቤ በደስታ ዘለለ።

«ጨው አለው?» አለች።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የተበላሸው። እኔ ስጎውን ስሠራ ጨው አድርጌያለሁ። ምን ያህል እንደሆነ ግን እንጃ፤ ሴትዮዋ «ጨው እንደ ጣዕማችሁ» ብቻ ነው ያለችው። የሷ ቤት ቀማሽ አለ። ፎርማጆውም የራሱ ጨው ይኖረዋል ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬን ግን እንደ ልማዴ ዋጥኩት። የአደይ አባት ደግሞ ከአፋር በግመል የሚመጣ ጨው ይሸጡ ነበር። ሰው እኛን በሌላ ነገር ሁሉ ሊያማን ይችላል፣ በጨው ግን ታምተን አናውቅም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት አደይ የምትጠራው እንደ ዘመድ ስም ነው። አልጫ መኮሮኒ ለባሏ እህት ከምታቀርብ ቤቱን ሸጣ ብትሄድ ይሻላታል።

ማን ይቅመስ? አደይ እስከ ፋሲካ አትችልም። አክስቴ እስከ መግሪብ አትችልም። «በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይቻላል የሚሉ አሉ» አለች አክስቴ፣ «እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከፈጣሪ ጋር በምላስ ጫፍ አልከራከርም።» አባዬ ሱቅ ነው፤ እሱም ጾመኛ ነው። ጎረቤቱም ወይ በዚህ ወይ በዚያ ጾሟል። ግቢው ውስጥ የማትጾመው ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ትበላለች እንጂ አስተያየት አትሰጥም። ሲከራከሩ ሲከራከሩ በመጨረሻ እኔ ላይ ደረሱ፤ መጀመሪያ የተውኳችሁም እዚያው ላይ ነው።

«ሰላም» አለች አደይ። «የማናችንን ነው የምትጾሚው?»

«የሁለታችሁንም» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አክስቴ ጉንጬን ያዘች፣ አደይ ክንዴን። ገበያ ላይ እንደምትመረመር ዶሮ አገላብጠው አዩኝ። «ወይለይ፣ አጥንቷ እኮ ነው የቀረው» አለች አደይ። «ያ ረቢ፣ እኔ እኮ ማታ ማታ ትበላለች ብዬ ነው» አለች አክስቴ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ሲስማሙ አየሁ፤ ሞኝ መሆኔን ያለ አንድ ተቃውሞ ተቀበሉ። ወዲያው ደግሞ ማን አስራባት በሚለው እንደገና ተጣሉ።

ከዚያ ወዲያ ቅመሽ ያለኝ ግን የለም። አንዷ የሌላዋን ጾም አስፈታች እንዳትባል ፈራች መሰለኝ። መኮሮኒው ከስጎው ጋር ተለውሶ ድስቱ ውስጥ ቀረ፤ እኔም ከሰል ላያይዝ ወደ ግቢ ተላክሁ።

ከሰሉን ሳራግብ አደይ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ዘሃራ ሶላት ላይ እያለች ትንሽ ጨው ጣል አደረግኩበት» አለች በሹክሹክታ። «ሓደራ፣ እንዳትነግሪያት።» የጨው ነጋዴ ልጅ ትንሽ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለእናንተ ልተወው። አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች።

ጥቂት ቆይታ አክስቴ መጣች። «እናትሽ ወጣ ስትል ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩበት» አለች እሷም በሹክሹክታ። «አልጫ ሆኖ እንግዳ ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። አብሽሪ፣ እንዳትነግሪያት።» እንግዳዋ ራሷ መሆኗን የረሳች መሰለኝ። አሁንም አፌን ከፈትኩ። የከሰሉ ጭስ ገባበት።

አባዬ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅኩት። «አባዬ፣ ጨው...»

«ጨው አለቀ? ሄጄ ላምጣ?»

«አይ፣ አለ።»

«እሰይ» ብሎ ሊታጠብ ገባ።

አዛን ሲሰማ ሁላችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ነበርን። አክስቴም ነበረች፤ ድስቷን ክፍሏ ትታ መጥታለች። ተምር ተበላ፣ ውሃ ተጠጣ። አደይ የራሷን ሽሮ ወደ ጎን አድርጋ የመኮሮኒውን ድስት ከፈተች። ላዩ በእውነት ወርቅ መስሎ ነበር። በእጇ ቆርሳ ለአክስቴ አወጣችላት፤ ከዚያ እጇን እንደ ተማሪ አጣምራ ቁጭ አለች። አክስቴ ቢስሚላህ ብላ ሹካውን አነሳች። አይቡ ከሳህኑ እስከ አፏ እንደ ክር ተሳበ፤ ልክ እንደ ቪዲዮው። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

ከዚያ መንጋጋዋ ቆመ። ዓይኗ ውሃ ሞላ። አባዬም እኩል ጎርሶ ነበርና አሳለው፤ ወደ አደይ ዞሮ «ለተብርሃን፣ ይሄ ጨው...» ብሎ ጀመረ። አክስቴ ከጠረጴዛው ሥር ምን እንዳደረገችው አላየሁም፤ አባዬ ግን እግሩን ሰብስቦ አፉን ዘጋ።

የአደይ ፊት ጠቆረ። «ጨው አነሰው?»

አክስቴ የጎረሰችውን እንደ መድኃኒት ዋጠችው። አደይን ረዘም አድርጋ አየቻት።

«ለእኔ እንኳ ልክ ነው» አለች። «እጅሽ ይባረክ፣ ለተብርሃን።»

እጅሽ አለቻት። አንቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ከዚያ አክስቴ ያንን ሳህን ፍርፋሪ ሳታስቀር በላችው። ጆጉ ሞልቶ ጎደለ፣ እንደገና ሞልቶ ጎደለ፤ ያውም ውሃ ከመጣ በሰነበተበት ሰሞን። አባዬ አንገቱን ደፍቶ በላ። እኔ ተምሬን አኘክሁ።

አደይ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። እስከ ፋሲካ ድረስ አትቀምሰው፤ የሚነግራት የለ። ሳህኑን እያነሳች «ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም» አለች። «እስከ ዒድ ትቆያለሽ፣ ዘሃራ። በየቀኑ እሠራልሻለሁ።» በሩ ጋ ደርሳ ደግሞ እንደ ማፈር አለችና «እውነቱን ለመናገር ትንሽ አልጫ ሆኖ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። ነገ ጨውን ከፍ አደርገዋለሁ» አለች።

አክስቴ ወደ ባዶው ሳህን አየች። ወደ እኔም አየች። ተነስታ ክፍሏ ገባችና ከኮምቦልቻ ያመጣችውን ድስት ይዛ ተመለሰች፤ ኩሽና ገብታ ከሁለቱ ድስቶች አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ ባዶውን ጆግ አነሳች፣ ወደ ጀሪካኑ ሄደች።