የኛዳክ ስምና የሚስቀው ማሽን

ደግ ሰው ከደግ ሰው ጋር አይጣላም ያለው ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እሟገተው ነበር። ጠብ የክፉዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ እኮ ዓለም ገና ድሮ አርፋ ተኝታ ነበር። እስቲ የምታውቋቸውን ሁለት ደጋግ ሰዎች አስቡ፤ አንዱ ለብቻው ማር፣ ሌላው ለብቻው ወተት የሆኑ። አንድ ጣሪያ ሥር አስገቧቸውና በር ላይ ቆማችሁ አዳምጡ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሰርግ ላይ ሰው እያሳቅሁ የምበላ ሰው ነኝ፤ ልቅሶም ላይ አሳቃለሁ፣ ግን መጀመሪያ አልቅሼ ነው፣ ሥርዓት አውቃለሁ። የሰው ጠብ ያላየሁት ዓይነት የለም። በአንድ ማሽን ሆድ ውስጥ ጠብ ሲነሳ ያየሁት ግን አንዴ ብቻ ነው። ያስታረቅሁትም እኔ ነኝ። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ ነበርኩ፣ ልናገር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወደ ማብቂያው። እኔ ጋምቤላ ከተማ የጋሽ ታደለን ግቢ እጠብቅ ነበር፤ ማንጎ ዛፍ ሥር ጋደም ማለት መጠበቅ ከተባለ። ፊደልም የቆጠርኩት እዚያው ጥላ ሥር በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ያለፉኝን ፊደሎች እስካሁን አላውቃቸውም። ጋሽ ታደለ ከጎጃም የመጡ የግድብ ኢንጂነር ናቸው። አልዌሮ ላይ አብሯቸው የሠራ አንድ የውጭ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ኮምፒዩተሩን ትቶላቸው ሄደ። ኮምፒዩተር መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ እንደ ሙሽራ በጨርቅ ተሸፍኖ በሚቀመጥበት ጊዜ፣ የእኛው ጋሽ ታደለ ቤታቸው ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጉብ አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ የሚበላው ጉልበቱ ላይ ሆነ። ይባስ ብሎ ማሽኑ ሙቀት አይወድም ተባለና ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ቬንቲሌተር ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዞረ። የጋምቤላን ሙቀት የማታውቁ፣ ባሮ ዳር እንቁላል አስቀምጣችሁ ጫጩት ይዛችሁ እንደምትመለሱ አስቡት። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ በደብተር እያራገቡ፣ “እንግዳ ነው ብዬ ታገስኩት፤ እንግዳ ግን ይሄዳል” ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ ጎረቤት ከሆንኩለት ነገር ጋር ዝም ብዬ መኖር አልችልም። የእህቴ ልጅ ኛዳክ፣ ደርቤ ከሚባል የወሎ ልጅ፣ የጤና ረዳት ነው፣ ልትጋባ ነው። ኢታንግ ገበያ ላይ ጋትሉዋክን አገኘሁት። ጋትሉዋክ እንደኔ ሰው በማሳቅ የሚያድር፣ ድምፁ ከእኔ የሚያምር፣ ስለዚህም የማልወደው ሰው ነው። በሰርጉ ላይ እሱ እንደሚዘፍን ሲነግረኝ አፌ ከእኔ ቀደመ። የኛዳክ ስም፣ አልኩት፣ ከታንኳ በሚረዝም ወረቀት ላይ፣ በሰው እጅ ሳይሆን በማሽን፣ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ከማንጎ እስከ ማንጎ ይንጠለጠላል።

“ካልተንጠለጠለስ?” አለኝ።

“ካልተንጠለጠለ ዝፈንብኝ።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በእኛ አገር ሰርግ ላይ የተዘፈነበት ሰው ታሪኩ አለቀ። ዘፈኑ እሱ ቤቱ ሳይገባ ፑኝዶ ይደርሳል፤ በነጋታው ድንበር ይሻገራል፤ ባለቤቱ ሞቶ ተቀብሮ እንኳ ከብት ጠባቂዎች ያፏጩታል። ልጆቼ “የዚያ የወረቀቱ ሰውዬ ልጆች” ተብለው ሊኖሩ ነው። ያውም በጋትሉዋክ ዜማ።

ጋሽ ታደለ ጉዳዩን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ማሽኑ ለሰው መጥቀሙን ለእትዬ ዘነቡ የሚያሳዩበት ቀን መጣ። አሠራሩንም አስረዱኝ። ማሽኑ በራሱ ደንቆሮ ነው፤ ሥራ የሚያስይዘው ፕሮግራም የሚባል ነገር ነው። አንዱ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ያውቃል። ሌላው ፊደሉን እንደ ፍየል አግዝፎ በረጅም ወረቀት ላይ ያትማል። አንደኛው ለብቻው ሲገባ ጨዋ ነው። ሁለተኛውም ለብቻው ሲገባ ጨዋ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስገቧቸውና ማተሚያውን ከፈቱት።

ማተሚያው እያንቋረረ ወረቀቱን ተፋ። የኛዳክ ስም የለም። በስሟ ፈንታ ትንንሽ ክብ ፊቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ዓይን አላቸው፣ አፍ አላቸው፣ እኔን እያዩ ይስቃሉ። ከዚያ ማሽኑ ድርቅ አለና ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኽ ጀመር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ ኖሬ በመጨረሻ ብረት ሳቀብኝ።

ሰርጉ እየቀረበ መጣ። ጋሽ ታደለ ያልሞከሩት የለም። የአማርኛውን አስቀድመው አስገቡ፤ ሳቀ። የአማርኛውን አስከትለው አስገቡ፤ ሳቀ። አጥፍተው አሳረፉት፤ አርፎ ተነስቶ ሳቀ። እኔም በበኩሌ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ሽማግሌ በእኛ ዘንድ ሲመርቅ ውሃ ተጎንጭቶ እፍ ይላልና ስክሪኑ ላይ እፍ አልኩበት፤ እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። ሁለቱን ፕሮግራሞች እንደ ቀበሌ ስብሰባ አስነስተን ግለ ሂስ እናስደርጋቸው ብዬም ሐሳብ አቀረብኩ። የሚደግፍ ጠፋ። ጋሽ ታደለ ከሳቂዎቹ ወረቀቶች መካከል ተቀምጠው ፂማቸውን መላጨት ተዉ። እትዬ ዘነቡም ቁርጡን ነገሩን፤ ከሰርጉ በኋላ ጠረጴዛው ወደ እንጀራው ይመለሳል፣ ማሽኑ ወደ ጓዳ ይገባል።

የሰርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ዘነቡ ምንም ቢቆጡ ደግ ናቸውና፣ ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያ ሰጡኝ። እኔም ለጨዋታ ብዬ ኩባያውን ገልበጥ አድርጌ አየሁና ከእኔ በፊት ማን እንደጠጣበት ጠየቅኋቸው።

“አጥቤዋለሁ። ተጠየፍከኝ እንዴ፣ አንተ ቾል?” አሉ።

መጠየፍ አይደለም። በእኛ በኑዌሮች ዘንድ ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶች እስኪታረቁ ድረስ ከአንድ ቅል አይጠጡም፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው የሚዘነጋው ሌላውን ነው። ሁለቱ ባላንጣዎች ሳይተያዩ፣ አንዱ ጠዋት ሌላው ማታ፣ ከአንድ ጎረቤት ቅል ቢጠጡም ያው አብረው እንደጠጡ ይቆጠራል። መዓቱ የሚመጣው በዚያ ጎረቤት ቅል ነው። ጎረቤቱ ከማንም አልተጣላም፤ ጥፋቱ የመጣውን ሁሉ ማጠጣቱ ነው። ይህን ሁሉ ለእትዬ ዘነቡ ሳስረዳ ጋሽ ታደለ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

“ቾል፣ የመጨረሻውን ድገመው።”

ደገምኩት።

“እና እዚህ ቤት ጎረቤቱ ማነው?”

ምን እንደሚጠይቁኝ አልገባኝም፤ ስለዚህ በሙሉ ልብ መለስኩ። “እዚያው ነው ያለው። ዝም ብሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ደግ ስለሆነ አይጠረጥሩትም።”

ሦስታችንም ስክሪኑን አየን። ጥግ ላይ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ሰዓት ትቆጥራለች። የውጭ አገሩ ሰውዬ ያስገባት ፕሮግራም ናት፤ ማሽኑ ሲነሳ አብራ ትነሳለች፣ ማንንም አትነካም። ጋሽ ታደለ ይወዷታል። እሷን አስወጥቶ መሞከር በሕልማቸውም አልመጣም።

አስወጧት። የአማርኛውን አስገቡ፤ ጨዋ። የማተሚያውን ፕሮግራም አስገቡ፤ ጨዋ። ወረቀቱ ሲወጣ መጀመሪያ አንድ ግዙፍ “እ” ብቅ አለ፣ ከዚያ “ን”፤ እኔ እያንዳንዱን ፊደል በስሙ እየጠራሁ እቀበል ነበር። “እንኳን ደስ ያለሽ ኛዳክ” እያለ ወረቀቱ ሳሎኑን አቋረጠ፣ ደጃፉን ወጣ፣ ዶሮዎቹን በተነ፣ ማንጎው ሥር እኔ ከምተኛበት ቦታ ላይ ደርሶ አረፈ። ጋሽ ታደለ ለማረጋገጥ ሰዓቲቱን መለሷት፤ ወዲያው ሳቀ። አስወጧት፤ ኮስተር አለ። ሁለቱም ፕሮግራሞች ጊዜ የሚቀዱት ከእሷ ነበር፣ አሉኝ፤ ቅሉ ላይ ሲሻሙ ነው ማሽኑ የሚያብደው። ሰዓቲቱ ተሰደደች። እትዬ ዘነቡ አላዘኑላትም፤ ምሳ ሲደርስ ገና አንድ ሰዓት ነው የምትል የፈረንጅ ሰዓት ድሮም ቤት ታጣላለች አሉ። ከዚያ ቬንቲሌተሩን በገዛ እጃቸው ወደ ማሽኑ አስተካከሉት። ይህን ያየሁ ምስክር እኔ ነኝ።

በማግስቱ ወረቀቱ ከማንጎ እስከ ማንጎ ተንጠለጠለ። እንደ እኔ ግምት ከኢታንግ ይታይ ነበር። ጋትሉዋክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት፣ ዞሮ በጀርባውም አየው፣ አላመነምና የደርቤን ጓደኞች አስነበባቸው። አነበቡለት። ለእኔ ስድብ ያዘጋጀበትን ዜማ አላባከነውም፤ ውዳሴ አድርጎ ዘፈነልኝ። ድምፁ ለካ ያምራል።

ድንበር ተሻግራ የመጣች አክስቴ ግን ወረቀቱ ፊት ቆማ ራሷን ነቀነቀች፤ ለይሉኝታ ነው፣ ፊደል አታውቅም። ቀጥሎ እትዬ ዘነቡ ዳቦ የጠቀለሉባቸውን የተበላሹትን ወረቀቶች አየች። አንዱን አንስታ ዘረጋችው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

“ይቺን እኔም አነባታለሁ” አለች።

ሰርገኛው ከጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰበ። ዳቦው ያለ መጠቅለያ ቀረ። የኛዳክን ስም ፍየሎች ሳይበሉ ከማግስቱ ጠዋት በላይ አላቆዩትም፤ ሳቂዎቹ ወረቀቶች ግን ከሙሽሪት እኩል እየተሳሙ ድንበር ተሻገሩ፣ እስከ ዛሬም የጎጆ ግድግዳ ላይ አሉ ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ ጋትሉዋክ ቤቴ ድረስ መጣ። ልጁን ሊድር ነው። ስም አልፈለገም፤ ሳቂዎቹን ነው የፈለገው። እሱንም ትንሽ ካስለመንኩት በኋላ ወደ ጋሽ ታደለ ገባሁና ጉዳዩን አቀረብኩ፤ ሰዓቲቱን ከስደቷ መልሰው፣ ሁለቱን ሰላማውያን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲያጣሉልን።

ማስታረቅ የቻለ ማጣላት አያቅተውም።